የቮልሷ በርና የሶፋው ላስቲክ

እኛ ሰዎች አዲስ ነገር ስንገዛ የምንገዛው ዕቃውን ይሁን የተጠቀለለበትን ላስቲክ እስካሁን አልገባኝም። ሪሞቱ በላስቲክ፣ ፍራሹ በላስቲክ፣ በተገላበጥን ቁጥር እየተንኮሻኮሸ። እናንተ ቤት ከሌለ ይቅርታ፤ እኔ ቤት ግን የሳሎኑ ሶፋ ልጄ ማህደር ዳዴ ስትል ተገዝቶ ይኸው እስከ ዛሬ ከነላስቲኩ አለ። ልትወጣበት በሞከረች ቁጥር ባለቤቴ አስካለ «ውረጂ፣ የእንግዳ ነው» እያለች ነው ያሳደገቻት። እውነቱን ለመናገር እኔም አግዣለሁ።

ያቺው ማህደር ከፋሲካ በኋላ ልትዳር ሆነ። ሚዜዎቿ ረጃጅም መኪና ሲያማርጡ እሷ «ከቤት የምወጣው በአባዬ ቮልስ ነው» ብላ ቁጭ። ከአባቴ የወረስኳት አሮጌ ቮልስ ናት። ደስታዬን የት ላድርገው? ችግሩ የበሮቹ ገበር ነበር፤ ከውስጥ በኩል ክንዳችንን የምናስደግፍበት ኮምፔንሳቶ ተልጦና ተሰነጣጥቆ ሚስማሩ አፍጥጧል። «ቬሎዬን ከቀደደው በእግሬ ነው የምሄደው» አለችኝ። ቀልዷን አይደለም።

ሾላ ገበያ አጠገብ የመኪና ወንበር የሚያለብሱት ጋሽ ሙዘሚል ክሬም ቆዳ የለበሰ አዲስ ገበር ሠርተው፣ በላስቲክ ጠቅልለው ሰጡኝ። ዕለቱ ዓርብ፣ ሠርጉ እሑድ። «ጁምዓ ሰግጄ መጥቼ እኔው እገጥመዋለሁ፤ እስከዚያ አትነካካው» አሉኝ። እኔ ደግሞ አርፌ መቀመጥ ያልፈጠረብኝ ሰው ነኝ። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ የሚባለው እኔን አይተው ሳይሆን አይቀርም።

የካ ዳገቱ ላይ ካለው ቤታችን እንደደረስኩ ካቻቢቴዬን አውጥቼ የመስታወቱን ማዞሪያ ፈታሁ፣ አሮጌውን ገበር ገነጠልኩ። ከሥሩ የበሩ ብረት ላይ የተለጠፈ ቢጫ፣ አቧራ የጠጣ ላስቲክ አገኘሁ። ቆሻሻ ነው ብዬ ቀዳድጄ ጣልኩት። አዲሱን ገበር ግን ከነላስቲኩ ገጠምኩት፣ ለሠርጉ እንዲያብለጨልጭ። ለጋሽ ሙዘሚልም «ጨርሻለሁ፣ አይልፉ» ብዬ ደወልኩላቸው። አስካለም ወጥታ አየችና «ላስቲኩን እንዳታነሳው» አለችኝ። ያለ ጭቅጭቅ የተስማማንበት ብቸኛ ጉዳይ ይህ ይመስለኛል።

ቅዳሜ ጠዋት መቀመጥ አቃተኝ። ልሞክራት ብዬ ወደ እንጦጦ ነዳኋት። ባሕር ዛፉ መሃል ስደርስ የበልጉ ዝናብ ወረደ አይባልም፣ ተደፋ። ሲያባራ ወደ በሩ ዞር ብል፣ በሚያብለጨልጨው ላስቲክ ሥር ቡናማ ውኃ ይንሸራሸራል፤ ገበሩም ሆዱ ተነፍቷል። ማህደር ነጭ ቬሎዋን ሰብስባ እዚያ በር ጥግ ስትቀመጥ ታየችኝ። ቮልሷን አዙሬ በቀጥታ ወደ ሾላ ወረድኩ።

ጋሽ ሙዘሚል የበሩን ገበር ሲፈቱት አልሳቁም። ቢስቁብኝ ይሻለኝ ነበር።

«የውስጡ ላስቲክ የታለ?»

«ጣልኩት ጋሼ። አሮጌ ነበር።»

«ዝናብ እኮ ድሮም በመስታወቱ ጎን ሾልኮ በሩ ውስጥ ይገባል። ገበሩን ከውኃ ሲጠብቅ የኖረው እሱ ነው። አንተ የሚሠራውን ጥለህ የሚታየውን አቀፍክ።»

የላዩን ላስቲክ ላጡት፣ ለክተው ቆረጡትና በማስቲሽ ከብረቱ ጋር አጣበቁት። ገበሩን ፀሐይ ላይ አስጥተው ከሰዓት በኋላ መልሰው ገጠሙት። ትንሽ ሞገድ ቢጤ ቀርቶበታል፤ ግን ደርቋል።

እሑድ ማህደር ገባች፣ ክርኗን በሩ ላይ አሳረፈችና «ሲለሰልስ አባዬ» አለችኝ። ቬሎዋን የነካው ነገር አልነበረም። ከኋላችን ጥሩምባው ሲቀልጥ እኔ መሪዬን ይዤ መቼ እንዳደገች አስብ ነበር፤ አላገኘሁትም።

በመልሱ ቀን ከባሏ ጋር መጣች። እንደ ልማዷ በርጩማዋን ስትስብ አስካለ እጇን ይዛ «ሶፋው ላይ ተቀመጪ እንጂ ልጄ» አለቻት። ተቀመጠች። ላስቲኩ ተንኮሻኮሸ። ያን ሁሉ ዓመት ሶፋውን ያስቀመጥንላት እንግዳ ለካ እሷው ነበረች።

መቀመጥ አቃተኝና መቀስ ፍለጋ ተነሳሁ።