የዋናው ጠበቃ

አዲስ የተሠራ ነገር ባየ ቁጥር «ከዋናው አይደርስም!» የሚል ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኛ መምህር ጋሻው አለን። ድሮ ጀጎል ውስጥ ቪዲዮ ቤት የታየው አኒሜ የሚሉት የጃፓን ካርቱን ፊልም እንደገና ተሠርቶ መጣ ሲባል፣ ሸዋ በር ሻይ ቤት ተሰብስበን አንድ ስልክ ላይ ተደፋን። ምስሉ እንዴት ያምራል እባካችሁ! ሰይፉ ሲመዘዝ ሻዬን ሱሪዬ ላይ ደፋሁት፤ ማን ግድ አለው?

መጨረሻ ላይ ጀግናው አባቱን የገደለውን ሽማግሌ አገኘው። አገኘውና አንገቱን ቀላው።

ጋሻው ከወንበሩ ተስፈንጥሮ ተነሳ። «አቦ መልእክቱን ገደሉት! ዋናው ላይ እኮ ሰይፉን ጥሎ ‹አንተን ብገድል አባቴ አይነሳም፤ ና፣ ራት አብረን እንብላ› ነው ያለው! እኔ ከወንድሜ ጋር የታረቅኩት ያንን ሰምቼ ነው!» ዓይኑ እንባ አቀረረ። ሻይ ቤቱ በአንድ አፍ ጃፓኖቹን ወቀሰ።

እኔን ግን ላብ አጠመቀኝ። ለምን አትሉኝም? በዚያ ቪዲዮ ቤት ከመጋረጃ ጀርባ ማይክ ይዤ በአማርኛ እተረጉም የነበርኩት እኔ ነኛ! ጃፓንኛ አንዲት ቃል አላውቅም። ያን ቀን ሰይፉ እንደተነሳ ሲዲው ተበላሽቶ ምስሉ ጠፋ፤ ሰው ማጉረምረም ሲጀምር መጨረሻውን ከራሴ ፈጥሬ ተናገርኩ።

እውነቱን ላውጣው ብዬ ጉሮሮዬን ጠረግኩ። ጋሻው ዞሮ አየኝ፤ «አንተስ ምን ትላለህ?»

«ይኼ ምን ጥያቄ አለው?» አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ። «ከዋናው አይደርስም!»