ጋሽ ፍስሐና የገጠሩ ፖሊስ ሕግጋት

በየአፓርታማው አንድ መርማሪ አለ። ባጅ የለውም፤ ሶፋ ግን አለው። በስደት በምንኖርባት የሳንዲ ስፕሪንግስ ከተማ፣ የኛው መርማሪ ክቡር ኢንስፔክተር ጋሽ ፍስሐ ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የፓርኪንግ ሠራተኛ።

የሚያዩት አንድ የቆየ የእንግሊዝ ድራማ ብቻ ነው፤ ገጠር፣ ብስክሌት የሚነዳ ፖሊስ፣ የጥንት መኪና፣ የጠፋ በግ። ከሦስት መቶ በላይ ክፍል አለው። ሁሉንም ጨርሰው እንደገና ጀምረዋል። እኔ የኤሲ ጥገና ሠራተኛ ነኝ። ፊልተር ልቀይር በገባሁ ቁጥር አንድ ክፍል ሳላይ አልወጣም።

«አየህ አንዷለም፣ ጭጋግ ከወረደ በግ ጠፍቷል ማለት ነው። ከከተማ በሚያምር መኪና የመጣው ውሸታም ነው። መጀመሪያ የተጠረጠረው ንጹሕ ነው።»

«ካወቁት ታዲያ ለምን ያዩታል?»

«አንተስ ኤሲ እንደሚያቀዘቅዝ እያወቅህ ለምን ትከፍተዋለህ?»

ሕጋቸውን ከቴሌቪዥን ውጭም ይሠሩበታል። አንድ ቀን የፓርኪንግ ቦታዬን ማን እንደያዘብኝ ብጠይቃቸው፣ «ዛሬ ካንተ ቀድሞ ሰላምታ የሰጠህ ሰው» አሉኝ። ልክ ነበሩ።

ባለፈው ወር የእማማ ተናኘወርቅ የዜግነት ቃለ መጠይቅ ደብዳቤ ጠፋ። ፖስታ ቤቱ በስልክ በሚልከው ፎቶ ላይ ፖስታው መምጣቱን ልጃቸው አይታለች፤ ሳጥኑ ግን ባዶ ነው። የቀጠሮው ቀን ያለው እዚያ ወረቀት ላይ ነው። ቢያልፍባቸው የስንት ዓመት ጥበቃ ከዜሮ ሊጀመር ነው። የፖስታ ሳጥኖቻችን ያሉት ዋናው መግቢያ ጋ ስለሆነ፣ ትልልቆቹ ለሚወርድ ሰው ሁሉ ቁልፍ ሰጥተው «እግረ መንገድህን ፖስታዬን አምጣልኝ» ይላሉ።

ጋሽ ፍስሐ ቤት ተሰበሰብን። «ቁልፉን አዘውትሮ የሚይዘው ሀምዛ ነው» አልኩ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ። ሀምዛ ከታች ያለው አዲሱ ጎረቤታችን ነው። እሱም አብሮን ነበር። ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወጣ።

ጋሽ ፍስሐ ድራማውን መሃል ላይ አጠፉት።

«አንዷለም፣ የሥራ ቫንህን ክፈት።»

«ለምን?»

«ፍለጋውን ከፊት ሆኖ የሚመራ ሰው የራሱን ኪስ አይፈትሽም። ክፍል አርባ ሁለት ላይም እንዲሁ ነው።»

ከፈትኩ። ወረቀት በምይዝበት ክሊፕቦርዴ ላይ፣ በሁለት የሥራ ትዕዛዞች መሃል፣ የእማማ ተናኘወርቅ ፖስታ። ማክሰኞ «እግረ መንገድህን» የተባልኩት እኔ ነበርኩ።

«አሁን የድራማው ፖሊስ ምን ያደርጋል?» አልኩ፣ ላብ እያጠመቀኝ።

«ስም አይጠራም። ጥፋተኛው ራሱ ሄዶ ይናገራል።»

ፖስታውን ለእማማ አስረክቤ፣ ከፍተው ሲያነቡት ቆይቼ፣ ሀምዛ የሥራ ልብሱን ለብሶ ሊወጣ ሲል ደረስኩ። የሆነውን ነገርኩት። «ስትከሰኝ ድምፅህ ከፍ ብሎ ነበር» አለኝ። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ በዚያው ድምፅ ይቅርታ ጠየቅኩት። ሦስት በር ተከፈተ።

«ቀጠሮው መቼ ነው?» አለ።

«ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት።»

«በል አንተ ታደርሳቸዋለህ። ኤሲውን ቀነስ አድርገው፤ ብርድ አይወዱም።»

በማግስቱ እማማ ተናኘወርቅ ከፊት፣ ኢንስፔክተሩ ከኋላ፣ ከመሰላሌ ጋር ተሳፈሩ። መንገዱን ሙሉ «አይዞሽ፣ የዚህ ዓይነቱ ክፍል ሁልጊዜ በሳቅ ነው የሚያልቀው» ይሏቸዋል። የኢሚግሬሽኑ ቢሮ ፓርኪንግ ውስጥ ሁለት ሰዓት ጠበቅን። ጋሽ ፍስሐ አንድም ትንበያ አልተናገሩም፤ የቫኔን ጎማዎች እየተዘዋወሩ ሲያዩ ቆዩ።

እማማ ወጡና ወረቀቱን ደረታቸው ላይ ይዘው «አለፍኩ» አሉ፣ በቀስታ።

ክቡርነታቸው ፊታቸውን ወደ ቫኑ አዞሩ። ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ከመሣሪያ ሳጥኔ ንጹሑን ጨርቅ መርጬ አቀበልኳቸው።

«ይኼኛው ድራማው ላይ የለም» አሉኝ፣ ዓይናቸውን እየጠረጉ።