የክቡር መለኪያ ዱባ

በየሰፈሩ፣ ያለ መሣሪያ እንቁላል እንኳ የማይልጥ አንድ ሰው አይጠፋም። ዝናብ አናቱ ላይ እየወረደ «ቆይ ልይ» ብሎ ወደ መለኪያው የሚሮጥ፣ ሻዩ ምላሱን ከላጠው በኋላ ቴርሞሜትር የሚነክር፣ በሩ ሲጮህ ዘይት ከመቀባት ይልቅ የጩኸቱን መጠን የሚነግረው ዕቃ ፍለጋ ገበያ የሚወጣ። እንዲህ ያለ ሰው ጎረቤት ሲሆን ያስቃል። ባል ሲሆን ግን ሌላ ነው። ይህንንም የሰፈራችንን ልብስ ሰፊ ጠይቋት፤ አንዱን አግብታ ፀጉሯ እስኪሸብት ኖራለች።

ባለቤቷን ሰፈሩ ክቡር መለኪያ ይላቸዋል። በሥራ ዘመናቸው የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ነበሩ። ጡረታ ሲወጡ ቆጣሪው ቀረ፣ ማንበቡ ግን አልቀረም። «ግምት ገዳይ ነው!» ይላሉ፣ ጣታቸውን ወደ ላይ ቀስረው። ሚስታቸው ሾርባ ቀምሳ «ጨው አንሶታል» ብትላቸው «በምን ለክተሽ?» ብለው አፋጠጧት። «በምላሴ ነዋ» አለች። ምላስ በክቡርነታቸው ዘንድ የታወቀ መሣሪያ አይደለም፤ ሾርባው እንደዚያው አልጫ ሆኖ ተበላ።

ዘንድሮ ደግሞ ዱባ መጣ። ተቆርጦ ድስት የሚገባው ዱባ እንዳይመስላችሁ። ግዙፍ ዱባ ነው፤ በመኸር ትርኢት ላይ ፎርክሊፍት በሚሉት ማንሻ መኪና ተነሥቶ የሚመዘን፣ አዋቂ ሰው ተደግፎት ፎቶ የሚነሣው ዓይነት። ክቡር መለኪያ የዘሩን ጠርዝ በጥፍር ሞረድ ሞረዱት፣ ውሃ በቀላሉ እንዲገባው። ቡቃያውን በኤሌክትሪክ ምንጣፍ አሞቁት። ሴቴዋ አበባ ስትፈነዳ ንቦቹን አላመኗቸውም፤ የአበባውን ዱቄት በቀለም ብሩሽ ከወንዴው አበባ ወስደው ራሳቸው ቀቧትና በመረብ ሸፈኗት። «ንብ ጥሩ ሠራተኛ ናት፤ ግን የት እንደዋለች አታስረዳም» አሉ።

ዱባው ሲያድግ ሆዱ እንዳይላጥ ከሥሩ ንጹሕ አሸዋ አነጠፉለት። አፈር ውስጥ የሚሰካ እርጥበት መለኪያ ተገዛ፤ የጥላ መረብ ተወጠረ፤ ቅጠሉ እንዳይሻግት ቬንትሌተር ቆመ። ጋራዥ ውስጥ ሞተር የሚያነሡበት ባለ ሦስት እግር የሰንሰለት ማንሻ ሳይቀር መጥቶ ጓሮው ጥግ ላይ ተገተረ። ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል ይባላል፤ በዚያ ጓሮ ግን ቅልም ቢበቅል ከቴርሞሜትሩ አያመልጥም ነበር።

የዱባውን ወገብ የሚለኩት በልብስ ሰፊዋ ሜትር ነው። የብረቱ ሜትር ቆዳውን ይጭረዋል አሉ። አንዲት ደንበኛ ለቀሚስ ልትለካ መጥታ፣ ልብስ ሰፊዋ ሜትሩን ወገቧ ላይ ብትጠመጥመው ነጩ ሸሚዝ ጭቃ በጭቃ ሆነ።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አለች ሴትዮዋ።

«ከእርስዎ በፊት የተለካ… ደንበኛ ነው» አለች ልብስ ሰፊዋ፣ መግቢያ ቀዳዳ አጥታ።

ክቡር መለኪያ በመስኮቱ ብቅ አሉ። «አይጨነቁ እመቤቴ፣ እሱ ከእርስዎ ይወፍራል!»

ደንበኛዋ ከዚያ ወዲህ በዚያ መንገድ ማለፉንም ትታለች።

ልጃቸው ወደ ቤት የመጣችው ሐረጉ መሬት ለመሬት መሳብ ሲጀምር ነው። ነፍሰ ጡር ናት። ሐኪሙ ተኚ፣ ሲሰለችሽ እስከ በረንዳ ውጪ፣ ከዚያ ወዲያ እንዳላይሽ ብሏታል። ባሏ የጭነት መኪና ሹፌር ስለሆነ ቤቱን የሚያየው አልፎ አልፎ ነው፤ ስለዚህ እናቷ ጋ እንድትሆን ተመከረ። አምና የመጀመሪያ ልጇን ሊወለድ ጥቂት ሲቀረው አጥታዋለች። ያኔ አልጋው ተገዝቶ፣ ትንንሾቹ ልብሶች ታጥበው ተጣጥፈው ነበር። ማን ያንሣቸው? ሁሉም ዓይኑን እያሸሸ ከረመና በመጨረሻ እናቷ እያለቀሰች ለሰው ሰጠቻቸው። ዘንድሮ ልጅቷ ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ ሕግ አወጣች።

«ልጄን እጄ ላይ ሳላየው አንዲት ካልሲ እንኳ እዚህ ቤት እንዳትገባ። እማዬ፣ ሰምተሻል? አባዬ፣ አንተም!»

«ሰምቻለሁ» አሉ ክቡር መለኪያ፣ ወደ ጓሯቸውም ወጡ።

ከዚያ ወዲህ ስለ ፅንሱ አንድ ቃል አልወጣቸውም። በልጅቷ በር ሲያልፉ ራሳቸውን አስገብተው «ክፍልሽ ስንት ዲግሪ ነው?» ይላሉ። «ደህና ነኝ አባዬ» ካለቻቸው ፊታቸው ይጠቁርና ይሄዳሉ። ብዙም ሳይቆይ በመስኮት በኩል ዱባውን ሲያባብሉ ይሰማሉ።

«ከእኔ ይልቅ ለዱባው ነው የሚያስበው» አለች ልጅቷ አንድ ቀን፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ።

«ጠባዩ ነው የኔ ልጅ፣ ታውቂው የለ» አለች እናትየው። የልጅቷ ክፍል ጸጥ ሲል መርፌዋን ጥላ ትሄዳለች፤ ትንፋሿን ሰምታ ትመለሳለች፤ ሳትቀመጥ ደግሞ ትሄዳለች።

በዚህ መካከል የሚገቡት ዕቃዎች መልካቸውን እየለወጡ መጡ። መጀመሪያ ለስላሳ ብርድ ልብስ መጣ። «ለዱባው ነው፤ የጠዋት ብርድ ቆዳውን ያደርቀዋል።» ብርድ ልብሱ ላይ ጥንቸሎች ይዘላሉ። ቀጥሎ በዳክዬ ቅርጽ የተሠራ የውሃ ሙቀት መለኪያ ገባ። «ለዱባው ነው፤ ቀዝቃዛ ውሃ ሥሩን ያስደነግጠዋል።» ቀጥሎ ዱባው ቢቀመጥበት እንደ ብስኩት የሚደቅ ትንሽ ሚዛን። እሱም ለዱባው ነው። ከዚያ ደግሞ ሕፃን ሲያለቅስ ሌላ ክፍል ላለ ሰው የሚያሰማ ማዳመጫ ይዘው መጡ።

«ግዙፍ ዱባ ሲሰነጠቅ ይጮኻል» አሉ ክቡርነታቸው ምሁር በሆነ ድምፅ። አንዱን ክፋይ ዱባው ሥር፣ ሌላውን ሚስታቸው የስፌት መኪና አጠገብ አስቀመጡ። ልብስ ሰፊዋ ቀኑን ሙሉ ነፋስ፣ ዝንብና የባሏን ትንፋሽ ስታዳምጥ መዋል ጀመረች።

ነገሩ የተገለጠላት አናጺው የመጣ ዕለት ነው። ጎረቤታቸው ነው፤ ዙሪያውን አጥር ያለው፣ ጠርዙ ሁሉ በአሸዋ ወረቀት የለሰለሰ ትንሽዬ አልጋ ተሸክሞ በጓሮ በር ገባ። ዱባው በዚያ ጊዜ የትራክተር ጎማ አክሏል።

«ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ እዚህ ውስጥ እኮ አይገባም» አለ አናጺው፣ አንዴ አልጋውን አንዴ ዱባውን እያየ።

«ለዚህኛው ነው ማን አለህ? ለሚቀጥለው ነው፣ ገና ትንሽ እያለ።»

«ዱባ ትንሽ እያለ አልጋ ላይ ይተኛል?»

«አንተ ደግሞ ስለ ዱባ ምን ታውቃለህ!»

አናጺው ልብስ ሰፊዋን ቢያያት መሬት መሬት አየች። ጥንቸሎቹ፣ ዳክዬው፣ ሚዛኑ፣ ሁሉም ባንዴ ዓይኗ ላይ መጡ። ሰውየው ሕጉን አልጣሰም፤ ካልሲ አላስገባም። ቤቱን የሞላው በዱባው ስም ነው። ልትስቅ ብላ እንባዋ ቀደማት። አልጋውን ልጅቷ እንዳታየው ዕቃ ቤት ወስዳ ከማዳበሪያው ከረጢት ጀርባ ሸጎጠችው። ለባሏም ምንም አልተነፈሰችም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ዕረፍት አጣች። ሰውየው ልቡን ዱባው ላይ አስሯል። ግዙፍ ዱባ ደግሞ የሚታመን ፍጡር አይደለም፤ እድገቱ ሲፈጥን አንገቱ አጠገብ ይተረተራል፣ ስንጥቁ ውስጡ ከዘለቀ ትርኢቱ ላይ አይመዝኑትም፣ ይበሰብሳል። ቢሰነጠቅ እሱ ምን ይሆናል? አልጋ የተኛችው ልጅስ ብትሰማ ምን ይሰማታል? «የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል» እያለች ብቻዋን ታጉረመርማለች። አንድ እጅጌ ገልብጣ ሰፋች፤ በሕይወቷ አድርጋው አታውቅም።

አንድ ረፋድ ክቡር መለኪያ ሚዛናቸውን ሊያስመረምሩ ወጥተው ሳለ ማዳመጫው ውስጥ የሆነ ነገር ተቀደደ። ወፍራም ጨርቅ በኃይል ሲቀደድ የሚሰማው ድምፅ ነው፤ ያን ድምፅ እሷን ያህል የሚያውቀው የለም። እግሯ ግን ወደ ጓሮ ሳይሆን ወደ ልጅቷ ክፍል ወሰዳት። ልጅቷ ጋደም ብላ ታነባለች።

«ምነው እማዬ?»

«ምንም። መቀሴን ፈልጌ ነው።»

መቀሱ እጇ ላይ ነበር።

ጓሮ ወጥታ ባለ ጥንቸሉን ብርድ ልብስ ገለጠች። አንገቱ አጠገብ ጣት የሚያስገባ ስንጥቅ ተከፍቷል። ክር የምታሽበትን ሰም አምጥታ በእጇ አለሰለሰችና ሞላችው፣ ላዩን በአውራ ጣቷ ደልድላ አበጀችው። ብርድ ልብሱን ልትመልስ ዞር ስትል በወዲያ በኩል ሌላ ስንጥቅ አየች። እሱም በሰም ተሞልቷል፤ አቧራ ለብሷል።

ክቡር መለኪያ ሚዛናቸውን ታቅፈው ከኋላዋ ቆመዋል።

«ይሄኛው መቼ ነው?» አለቻቸው።

«ከርሟል።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ትደነግጫለሽ ብዬ ነዋ። አንቺስ አሁን ምን እያደረግሽ ነው?»

«ትደነግጣለህ ብዬ።»

ሁለቱም ዱባውን አዩት። ክቡር መለኪያ ሚዛኑን አስቀምጠው አሸዋው ላይ ተቀመጡ።

«ባለፈው ጊዜ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ስትደውል ደህና ነኝ ትለኛለች፣ እኔም ደህና ናት ብዬ ስልኩን እዘጋለሁ። ደህና ማለት ምን ያህል ነው ብዬ አልጠየቅኋትም። አሁን ደግሞ ልጠይቃት እየፈለግሁ እፈራለሁ። ዱባውን ግን አልፈራውም። ስጠይቀው ይመልስልኛል።»

«ተሰንጥቋል እኮ።»

«አዎ። እያደገ ነው ግን። ዛሬ ጠዋትም አድጓል።»

ልብስ ሰፊዋ አጠገባቸው ተቀመጠች። ይህን ሰው ስንት ጊዜ በልቧ እንደረገመችው፣ ስንት ጊዜም መሣሪያውን ሁሉ ልትወረውርበት እንደተነሣች አሰበች። ከትከሻው ላይ ደረቅ ቅጠል አነሣችለት።

የበረንዳው በር የተከፈተው ያኔ ነው። ልጅቷ ቆማለች፣ ማዳመጫው በእጇ። እናቷ መቀስ ይዛ መቀስ መፈለጓ አላምር ብሏት ተነሥታ ስፌት ክፍል ገብታ ነበር፤ የተባለውን ሁሉ ከዚያው ሰምታለች።

«ማን ተነሽ አለሽ!» ክቡር መለኪያ ዘለው ተነሡ። «ሐኪሙ እኮ…»

«እስከ በረንዳ ተፈቅዶልኛል። ና አባዬ።»

«እጄ አሸዋ ነው።»

«ይሁን። ና።»

ደረጃውን ወጡ። እጃቸውን ያዘችና ከሆዷ ጎን ላይ አሳረፈችው። «በምን…» ብለው ጀመሩ፤ አልጨረሱትም። ተረከዝ ይሁን ክርን ያልለየለት ትንሽ ነገር መዳፋቸውን ከውስጥ ገፋው። ክቡር መለኪያ በቁማቸው ደርቀው ቀሩ። ልብስ ሰፊዋ አሁን ቁጥር ይጠራሉ ብላ ጠበቀች፤ አልጠሩም።

«በቃህ አባዬ?» አለች ልጅቷ፣ ሳቅና ለቅሶ ተደባልቆባት።

«ቆይ!» አሉ፣ እጃቸውን ሳያነሡ። «አንድ ጊዜ የተለካ አይታመንም። እስቲ ይድገመው።»

ሦስቱም ትንፋሻቸውን ውጠው ጠበቁ።