የከተማችን የመጀመሪያው ድሃ

ለችግረኛ የሚያስብ መንግሥት ማየት የፈለገ ወደ እኛ ከተማ ይምጣ። ያለነው በአሜሪካ፣ በዋሽንግተን ግዛት ምሥራቅ ነው፤ ክረምቱ ጥርስ ያንቀጫቅጫል። የተከበረው የከተማው ምክር ቤት ረጅም ስብሰባ ተቀምጦ፣ ብዙ ዶናት በልቶ፣ «አረጋውያን፣ አካል ጉዳተኞችና ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ነዋሪዎች በመብራት ሂሳብ ላይ ከሚጨመረው ግብር ነፃ እንዲሆኑ» ሲል በአንድ ድምፅ ወሰነ። እሰየው አልኩ።

ጎረቤቴን ቬርናን ይዤ ማዘጋጃ ቤት ሄድኩ። ቬርና ሰማንያ አልፏታል። የምንኖረው ተጎታች ቤቶች ተደርድረው በቆሙበት መንደር ነው። እሷም የመብራቱ ሂሳብ ስለሚያስፈራት ማሞቂያዋን አጥፍታ፣ ካፖርቷን ለብሳ ትተኛለች።

ጸሐፊው በትሕትና ተቀበለን።

«አሮጊት መሆንዎ ተረጋግጧል፤ ድህነትዎም ምንም እንከን የለውም። ችግሩ፣ ቆጣሪ የለዎትም» አላት።

«መንደሩ በሙሉ ያለው አንድ ቆጣሪ ነው እኮ» አልኩት። «በባለቤቱ በብራንት ስም ነው። ሂሳቡን ከነግብሩ ከእኛ የሚሰበስበው እሱ ነው።»

«እንግዲያው ችግረኛው ሚስተር ብራንት ናቸው።»

«የቱ ብራንት? ኮረብታው ላይ ቪላ ያለው?»

«ዕድሜያቸው ሞልቷል። የሂሳብ ሠራተኛቸው እንዳረጋገጠው ደግሞ ምንም ገቢ የላቸውም።»

«ውይ ምስኪን» አለች ቬርና፤ «አላወቅንለትም።»

እንዲህ ሆኖ ሆሊስ ብራንት የከተማችን የመጀመሪያው እውቅና ያለው ድሃ ሆነ። ከንቲባዋ እጁን ጨብጣ ፎቶ ተነሣች። እሱም ከእኛ ግብሩን መሰብሰቡን አልተወም፤ ልማድ ሆኖበታል መሰለኝ።

ደንቡ ግን ተጠቃሚው ቆጣሪው ባለበት ግቢ መኖር አለበት ይላል። ብራንትም ሳያነበው «እኖራለሁ» ብሎ ምሎ ፈርሟል። ይህን ስሰማ ጸሐፊው ዘንድ ተመልሼ «ድሃችን ጠፍቶብናል፤ ፈልጉልን» አልኩ። ተቆጣጣሪ ተላከ። በሐሰት መማል ያሳስራልና ብራንት በዚያው ሳምንት ፍራሹን ጭኖ መጣ፤ ከቬርና ጎን ያለው ባዶ ተጎታች ውስጥ ገባ።

አንድ ማለዳ ብርድ ልብስ ተከናንቦ በሯን አንኳኳ።

«ቬርና፣ የውሃ ማፍያሽን አጥፊልኝ። አንቺ ሻይ ባፈላሽ ቁጥር የኔ ማሞቂያ ይጠፋል።»

«ሽቦው አርጅቷል ብዬ ስንት ዓመት ለመንኩህ፣ ሆሊስ?»

«ነፋሱስ በየት ነው የሚገባው?»

«በኔ በኩል በመስኮቱ። ያንተ ቤት በሁሉም በኩል ነው።»

«ሰው እንዴት እዚህ ይኖራል!»

«አይዞህ፣ አንተ ገና ጀማሪ ድሃ ነህ፤ ትለምደዋለህ።»

አልለመደም። ጠበቃውን ቢያማክር፣ ሳይታሰር መውጫው አንድ ብቻ ሆኖ ተገኘ፤ በመንደሩ ውስጥ በስሙ ያለ ቆጣሪ እንዳይኖር ማድረግ። ተጣድፎ ሽቦውን አስቀየረ፤ ለየቤቱም በየነዋሪው ስም ቆጣሪ አስገባ፤ ፍራሹንም ጭኖ ወደ ቪላው ተመለሰ። ቬርና ከግብሩ ነፃ ወጣች፤ አሁን በሹራብ ብቻ ትተኛለች።

በዓመቱ መጨረሻ ከንቲባዋ ሕዝቡን ሰብስባ የፕሮግራሙን ውጤት አበሠረችን። «በአንድ ክረምት ውስጥ» አለች፣ «አንድ ችግረኛ ዜጋችንን ከተጎታች ቤት አውጥተን ባለቪላ አድርገናል!»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። ብራንት ከፊት ወንበር ተነሥቶ እጅ ነሣ።