የአራቱ ሰፈር አስተባባሪዎች በሻይ የተመለመሉበት ዜና

የወላጆች ማኅበር ምልዓተ ጉባኤ ባጣ በአምስተኛው፣ የትምህርት ቤቱ በር በተቀባ በሁለተኛው ዓመት፣ «እኔ አውቅላችኋለሁ» የተባሉት ርዕሰ መምህር በነገሡበት ዘመን፣ የብልቃጦች ጠባቂ፣ የሚዛኖች እመቤት፣ ጡረተኛዋ የቤተ ሙከራ ሠራተኛ እትዬ ሚሊሊትር የሠሩት ሥራ ይህ ነው።

ከትምህርት ቢሮ እንዲህ የሚል አዋጅ ወጥቶ ነበርና፦ «ወላጅና ተማሪ በትምህርት ጉዳይ ድምፅ ይኑራቸው፤ ነገር ግን ዛሬ እስከ አሥር ሰዓት የአራት ሰፈር አስተባባሪዎች ስም ካልደረሰን ርዕሰ መምህሩ እንደ ወትሮው ብቻቸውን ይወስኑ።» እትዬም ይህን ባነበቡ ጊዜ አንጀታቸው አረረ፤ የልጅ ልጃቸው ጥያቄ አበዛሽ ተብላ ሦስት ቀን ከክፍል ውጭ ቆማ ነበርና።

ስለዚህ በስምንት ሰዓት ሠራዊታቸውን አስከትለው ወደ ማኅበሩ ስብሰባ ገቡ። ሠራዊቱም ስድስት ትልልቅ ፔርሙስ፣ ሠላሳ ብርጭቆ፣ ጫፉ የታኘከ አንድ እስክሪብቶ፣ እንዲሁም በግድ የመጡት ምራታቸው ነበሩ።

ጥቆማ ሲጀመርም ልብስ ሰፊው «ከእኔ የተሻሉ አሉ» ብሎ ወደ ጸጉር አስተካካዩ፣ ጸጉር አስተካካዩ ወደ ቧንቧ ሠራተኛው፣ ቧንቧ ሠራተኛው ወደ ዳቦ ጋጋሪዋ፣ እርሷም መልሳ ወደ ልብስ ሰፊው ጠቆመች፤ ትሕትናውም ክፍሉን ሦስት ጊዜ ዞረ። እንዲህ ሳለ ቧንቧ ሠራተኛው ስልክ ሊያነሣ ቢወጣ፣ ጉባኤው በአንድ ድምፅ የታችኛው ሰፈር አስተባባሪ አድርጎ መረጠው፤ የሌለ ሰው አይከራከርምና። ተመልሶ ሊጮህ አፉን ሲከፍት ጭብጨባ ዋጠው። ከዚያ በኋላ ማንም ከወንበሩ ንቅንቅ አላለም፤ ስልክ ጠራ፣ የሚያነሣ ግን ጠፋ።

እትዬ ግን አርባ ዓመት ፈሳሽ ሲለኩ የኖሩ ናቸውና አወጁ፦ «ሻይ ይዳረስ! ባዶ ብርጭቆ አይታይ! ሻያችንን የናቀ እኛን ናቀ!» እምቢ ማለት ነውር ነበርና ሁሉም ጠጣ። እርሳቸውም በማስታወሻቸው መዘገቡ፦ ስምንት ተኩል፣ ልብስ ሰፊው፣ ሦስት ብርጭቆ፣ እግሩን አነባበረ። ዘጠኝ ሰዓት፣ ጸጉር አስተካካዩ፣ አራት ብርጭቆ፣ ያልበዋል። ዘጠኝ ከሩብ ሲሆን የልብስ ሰፊው ምሽግ ተደረመሰ፤ እየሮጠ ሲወጣ በሩ ሳይዘጋ የላይኛው ሰፈር ተሰጠው። ጸጉር አስተካካዩም ሱሪውን ጨብጦ ተከተለ፣ የገበያውንም ሰፈር ወረሰ።

ለአሥር ሩብ ጉዳይ ሲሆን ግን ፔርሙሱ ሁሉ ደረቀ፤ አራተኛው ሰፈር፣ ወንዝ ማዶ፣ ያለ አስተባባሪ ቀረ። ከዚያ ሰፈር የመጣችው ዳቦ ጋጋሪዋ ብቻ ነበረች፤ እርሷም ስድስት ብርጭቆ ጨልጣ፣ ከምድጃ ጋር ተፋጣ የኖረች ናትና ፊቷ እንኳ አልተለወጠም። እትዬ ተስፋ ቆርጠው ማስታወሻቸውን ሲያጥፉ፣ እርሷ ቀስ ብላ ተነሥታ በሩ ላይ ቆማ አወጀች፦ «ስሙ እንግዲህ! ሽንት ወጥሮኝ አይደለም፤ እንዳትሳሳቱ። ወድጄ ነው የምወጣው፤ ምረጡኝ! ግን የኔም ልጅ አፍ አላት፤ ከነገ ጀምሮ ጠየቀ ተብሎ የሚባረር ልጅ የለም!» ይህን ብላ በእርጋታ ወጣች። ጉባኤውም ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይስቅ እጁን አወጣ።

ስሞቹም ለአሥር ሁለት ደቂቃ ሲቀረው በምራታቸው እጅ ቢሮው ደረሱ፤ ርዕሰ መምህሩም ብቻቸውን መወሰን ቀረባቸው።

እነሆ፣ ለእትዬ ሚሊሊትር ክብር ይገባል! ሌሎች ጀግኖች አንዲት ኮረብታ ለመያዝ ስንት ደም አፍስሰዋል፤ እርሳቸው ግን አራት ሰፈር በስድስት ፔርሙስ ሲይዙ አንዲት ጠብታ አላፈሰሱም።