የኢንጂነሩ የወረቀት ጡሩምባ

በየቤተሰቡ አንድ «ይሄን ደግሞ ሰው ይገዛዋል?» የሚል ሰው አይጠፋም። በእኛ ቤት የለም የሚል ካለ፣ ሰውየው ራሱ ሳይሆን አይቀርም። እንዲህ ያለ ሰው የተሰበረ ነገር ሲያይ ፊቱ ይበራል፤ ደህና ነገር ሲያይ ደግሞ እስኪሰበር ይጨንቀዋል። ሱቅ ማለት ለእሱ እጅ የሌለው ሰው የሚሄድበት ቦታ ነው።

የዚህ ታሪክ ባለቤት ለሆነችው ምራት የደረሷት የባሏ ታላቅ ወንድም ናቸው። ሥራቸው ማተሚያ ቤት ውስጥ ወረቀት መቁረጥ ነው፤ ሰፈሩ ግን «ኢንጂነሩ» ብሎ ሾሟቸዋል፣ እሳቸውም ሹመቱን በጸጋ ተቀብለዋል። ሚስት ስላላገቡ የፈጠራቸው መዓት ሁሉ የሚወርደው ከእናታቸውና ከወንድማቸው ሚስት ጋር በሚኖሩበት የኪራይ ቤት ላይ ነው። የመታጠቢያ ቤቱ በር እጀታ ሹካ ነው። የሚንጠባጠበውን ቧንቧ በጎማ ቁራጭ አሰሩት፤ መንጠባጠቡን ትቶ መርጨት ጀመረ። «አሁን ቢያንስ አቅጣጫ ይዟል» አሉ ክቡርነታቸው። የምራቲቱንም ዣንጥላ ጠግነውላት ነበር። ዝናብ ላይ ስትከፍተው ጨርቁ ወደ አንድ በኩል፣ እጀታው ወደ ሌላ በኩል ሄደ። ቤት ስትደርስ ከላይ እስከ ታች በስብሳለች፤ እሳቸው ግን ስለ ነፋሱ ጠባይ ነው የጠየቋት።

አንድ ቀን ደግሞ «የስልኬ ድምፅ ደክሟል» ብለው ተነሡ። ከማተሚያ ቤቱ የመጽሐፍ ሽፋን ቁርጥራጭ ተሸክመው መጥተው የምግብ ጠረጴዛውን ያዙት። ወረቀቱን በጥፍራቸው እየጫኑ አጠፉት፣ ፈቱት፣ እንደገና አጠፉት። ከሥሩ ስልኩ የሚሰካበት ቀዳዳ አወጡለት። ሲዘረጋ አፉን የሚከፍት ጡሩምባ፣ ሲታጠፍ ደግሞ የሸሚዝ ኪስ የሚገባ ነገር ሆነ። ምራቲቱ እራት የምታቀርብበት ቦታ አጥታ ሳህኖቹን ይዛ ቆማ ትጠብቃቸው ነበር።

ከዚያ ወዲያ ከእሳቸው ጋር ወጥቶ መግባት ፈተና ሆነባት። አውቶቡስ ውስጥ ጡሩምባውን ሰክተው የሥራ ባልደረባቸውን ሲያነጋግሩ፣ ሰውየው የኪንታሮት ሕክምናውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተረከላቸው። ሲጨርስ ከኋላ ወንበር ሳይቀር «እግዜር ይማርህ» ተባለ። አብረው ሰርግ ተጠርተው ሄደው፣ እሷን አዳራሹ ውስጥ ከእንግዶቹ መሃል ትተው ጀነሬተር አጠገብ ቆመው ደወሉላት፤ «አንዴ ቀስ ብለሽ ተናገሪ እስቲ፣ ይሰማኝ እንደሆነ» አሉ። ያልተሰማ እንደሆነ ወረቀቱ ይቀየራል፣ አፉ ይሰፋል፣ ሌላ ጡሩምባ ይወለዳል። የወጥ ቤቱ መሳቢያ በጡሩምባ ሞልቶ አልዘጋ አለ። «ይቺን ስልክ ለምን አይቀይሯትም ጋሼ?» ብትላቸው፣ «ይሄን ደግሞ ሰው ይገዛዋል?» አሉ።

ምራቲቱ ግን የምትታገሥበት ምክንያት ነበራት፤ ከዚያ ቤት ልትወጣ ነው። ባሏ በሥራ ወደ ሌላ ከተማ ተዛውሮ ሄዷል፤ እሁድ እሁድ ለእናቱ ይደውላል። እናትየው ስልኩን ጆሯቸው ላይ ለጥፈው «እሺ የኔ ልጅ፣ እሺ፣ ተመስገን» ይሉታል። በቅርቡ «ቤቱን እንልቀቀውና እኔ ጋ እንኑር» ብሎ ጠየቃቸው፤ እሺ አሉ። በሌላ ጊዜ ደገመው፤ አሁንም እሺ አሉ። «እማዬ ተስማምታለች» አላት ለሚስቱ። ለኢንጂነሩ ሥራቸው አካባቢ አንድ ክፍል ሊፈለግላቸው፣ ለአከራዩም ሰኞ ሊነገረው ተቆረጠ። እሷም በደስታ ዕቃዋን መሸከፍ ጀመረች፤ አማቷም አጠገቧ ተቀምጠው ልብስ ያጥፉላት ነበር።

እሁድ ስልኩ ጠራ። ኢንጂነሩ ከኪሳቸው ጡሩምባቸውን አውጥተው የእናታቸውን ስልክ ለመቀበል እጃቸውን ዘረጉ።

«ጋሼ፣ እባክዎ ዛሬን እንኳ ይተዉን» አለች ምራቲቱ። «እማማ ደህና አድርገው ነው የሚሰሙት።»

እሳቸው ግን ስልኩን ላውድ ላይ አድርገው ሰኩትና በእናታቸው ፊት ያዙት። የባሏ ድምፅ ክፍሉን ሞላው።

«እማዬ፣ መኪናው ቅዳሜ ይመጣል። መጀመሪያ የሚጫነው ያንቺ አልጋ ነው።»

እናትየው እሺ አላሉም። ጡሩምባውን አዩት፣ ከዚያ ምራታቸውን አዩ።

«አልጋዬ ወዴት ነው የሚሄደው?»

«እኔ ጋ ነዋ። እሺ ብለሽኝ የለ?»

«እኔማ ሚስትህ ብቻ የምትመጣ መስሎኝ ነው» አሉ። ወደ ጡሩምባው ጠጋ አሉ። «በስልክ አይሰማኝም የኔ ልጅ። አንድ ጊዜ አይሰማኝም ብዬህ ‹ኔትወርኩ ነው፣ ሌላ ቀን እደውላለሁ› ብለህ ዘጋኸው። እሺ ስልህ ግን ታወራለህ። የምትለው ባይገባኝም ድምፅህ ይመጣል።»

ባሏ ጉሮሮውን ሲጠርግ ሁሉም ሰሙት። ምራቲቱ በድንጋጤ የያዘችውን ልብስ አስቀመጠች።

«እኔ ስናገር ግን ይሰማሉ አይደል እማማ?»

«አንቺንማ ጎረቤትም ይሰማሻል» አሉ አማቷ።

ወደ ኢንጂነሩ ዞረች። «ያውቁ ነበር?»

«ያኔ ጣቴን ማሽን የነካኝ ጊዜ ከሐኪም ቤት ደውዬ ነገርኳት። ‹እሺ፣ ተመስገን› አለችኝ።»

«ታዲያ ምነው ለእኛ ሳይነግሩን?»

«ጆሮዋ አልሰማ ብሏታል ብዬ ላሳጣት? የእኔ ስልክ ደክሟል ብል ምን እጎዳለሁ?» ጡሩምባውን አላወረዱም። «እንዳትሄድ ብዬ አይደለም። ብትሄድም ሰምታ ትሂድ።»

ምራቲቱ አውቶቡሱም፣ ጀነሬተሩም ትዝ አሏት። በየሰው ፊት ሲያዋርዷት የከረሙ የመሰላት ሰውዬ ለካ እናታቸውን ከውርደት ሲጠብቁ ነበር የከረሙት። አፈረች።

ባሏ እንደ አዲስ ከመጀመሪያው ጠየቀ። እናትየውም ቤቱ ስንተኛ ፎቅ እንደሆነ፣ ጎረቤቱ እንዴት ያለ እንደሆነ አንድ በአንድ አጣርተው ሲያበቁ ቁርጡን ነገሩት።

«እኔ አልመጣም። ሚስትህን ውሰድ፤ ያላንተ ብዙ ቆይታለች። እኔ ከወንድምህ ጋር እዚሁ ነኝ፤ የሚፈታው ቤት ካጣ ይታመምብኛል።»

ቅዳሜ መኪናው የምራቲቱን ዕቃ ብቻ ጭኖ ሄደ። አዲሱ ቤት የሚጎድለው ነገር የለም፤ የተነካው ይበራል፣ የተከፈተው ይዘጋል። እሁድ ሲደውሉ ግን ነገሩ ሌላ ሆኗል። አማቷ ሁሉን ይሰማሉ፣ በሁሉም ይከራከራሉ፤ መጋረጃው ቀለሙ ለምን እንዲያ ሆነ፣ ልጃቸው ለምን ሳለ ይላሉ። ጥሪው አያልቅም። እሺ የምትል ቃል ከአፋቸው አትወጣም።

አንድ እሁድ አማቷ ተከራክረው ከጠገቡ በኋላ ምራቲቱ ስልኩን አልዘጋችውም።

«ጋሼ አሉ?»

«ጡሩምባውን የያዘው ማን መሰለሽ?» አሉ እናትየው።

«አለሁ» አሉ ኢንጂነሩ። «ምን ተበላሸ?»

«ምንም አልተበላሸም። ድምፅዎን ልስማ ብዬ ነው።»

ኢንጂነሩ ጡሩምባውን ወደ ራሳቸው አዞሩት። ከዚያ ከተጣለ ወንበር እግር ሊሠሩት ስላሰቡት መደርደሪያ ይተርኩላት ጀመር፤ ስለ ሚስማሩ ርዝመት፣ ስለ ግድግዳው ጠባይ ብዙ ተናገሩ። ግማሹ አልገባትም። ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ፣ «እሺ ጋሼ፣ እሺ» አለች።