ከሀ የሚጀምሩት ሽማግሌ

ታሪክን፣ ፍልስፍናንና ሳይንስን ከካሴት የተማረ ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? አሶሳ የክልል ከተማ በሆነች ሰሞን ጎረቤታችን ጋሽ አልኑር እንዲያ ተማሩ። ገና ኮሌጅ የገባሁት እኔ ዕውቀታቸውን አልጠራጠርም። ችግሩ፣ ካቋረጧቸው እንደ ካሴት ወደ ኋላ ተጠንጥነው ከሀ ይጀምራሉ። ፈላስፋስ መቼ ከመሃል ጀምሮ ያውቃል?

እኚህን ሊቅ ለወንድሜ ሽማግሌ አድርገን ወደ ባምባሲ ከተማ ላክናቸው፤ እኔም ተከተልኩ።

"በመጀመሪያ ምድር እሳት ነበረች" አሉ። ቀጥሎ ውሃው፣ ዓሣው፣ የሰው ልጅ፣ በመጨረሻም ጋብቻ መጣ። "እንግዲህ ልጅዎን ለልጃችን..." ሲሉ የልጅቱ አባት ኦቦ ጀማል፣ "ሻይ ልጨምርልዎ?" አሏቸው።

"በመጀመሪያ ምድር እሳት ነበረች..."

በሁለተኛው ዙር ኦቦ ጀማል አስነጠሳቸው። ምድር እንደገና ነደደች።

በሦስተኛው፣ ጋብቻ ላይ ሲደረስ፣ አባትየው ሊናገሩ አፋቸውን ከፈቱ። ከጓዳ የልጅቱ ድምፅ ቀደማቸው፦

"አባባ፣ በአላህ! ሳይጨርሱ እንዳትተነፍስ፤ ቆሜ ልቀር ነው እኮ!"